ከአቤኦኩታ ገበያ እስከ ካላኩታ፤ የወይዘሮ ፉንሚላዮ ራንሶም ኩቲ ሕይወት

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ዘንድሮ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት የምናስታውስበትን ዓምድ ለኔ ሲሰጠኝ ብዙዎቻችሁ የአገራችንን ሰው እንደምጽፍ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔም አስቤ ነበር። ግን አንድ የቆየ ዕዳ ስላለብኝ ወደ ናይጄሪያ ልወስዳችሁ ነው፤ ታገሱኝ።

ዕዳው ምን መሰላችሁ? ስድስት ኪሎ የሴቶች ዶርም በነበርንበት ጊዜ ከክፍላችን ልጆች አንዷ ወንድሟ ከውጭ የላከላት ካሴት ነበራት። የፌላ ኩቲ ነው። ሰዓት እላፊው ስለማያስወጣን ቅዳሜ ማታ በሩን ዘግተን፣ ቴፑን ዝቅ አድርገን እንጨፍርበት ነበር። ሳክስፎኑን፣ ከበሮውን፣ ከኋላ የሚቀበሉትን ሴቶች ታስታውሳላችሁ አይደል? ቃሉ እንግሊዝኛ ይመስላል እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ማናችንም አልገባንም። ከዓመታት በኋላ ነው ያ ዘፈን አንድ ልጅ የእናቱን የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ወደ ወታደራዊው መንግሥት በር መሄዱን የሚተርክ መሆኑን ያወቅሁት። በሰው ሐዘን ስንጨፍር ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እናትየዋ ማን እንደነበሩ ሳነብ ኖሬያለሁ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፉንሚላዮ የተወለዱት ኦክቶበር 25 ቀን 1900 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ፣ ከሌጎስ በስተሰሜን ባለችው በአቤኦኩታ ከተማ ነው። ከተማዋ ኦሉሞ የሚባል ትልቅ አለት አላት፤ ስሟም ከአለት ሥር ማለት ነው። በ1830 ገደማ ኤግባ የሚባሉት የዮሩባ ወገኖች ከጦርነት ሸሽተው አለቱን ተጠግተው የቆረቆሯት ናት። በዘር ሐረጋቸው በባሪያ ንግድ ተወስደው፣ በሴራሊዮን ነፃ ወጥተው የተመለሱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ተመላሾች ክርስትናንና ቀለምን ይዘው ስለመጡ ቤተሰቡ ከፊደል ጋር ቶሎ ተዋወቀ። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ፍራንሲስ አቢጌል ኦሉፉንሚላዮ ቶማስ ነበር። አባትና እናት ሴት ልጅን ማስተማር ብክነት ነው ከሚሉት ወገን አልነበሩም። በ1914 የአቤኦኩታ ግራመር ስኩል በሩን ለሴት ሲከፍት የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ሆነው ገቡ። አስቡት እስቲ፤ የወንዶች ብቻ በነበረ ትምህርት ቤት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ! ከኛ መካከል በምህንድስናና በሕግ ክፍል ብቸኛ ሴት ሆናችሁ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1919 ለተጨማሪ ትምህርት ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ቼሺር ተላኩ። እዚያ የተማሩት ሙዚቃ፣ የንግግር ጥበብ፣ ፈረንሳይኛና የማስተማር ሙያ ነው። ሙዚቃና ንግግር የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ ያኔ ለጨዋ ልጅ ጌጥ እንዲሆን የተሰጠ ትምህርት ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ ምን እንደተሠራበት እናያለን። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላም ነገር አደረጉ። ፍራንሲስና አቢጌል የሚሉትን ስሞች ጣሉና ፉንሚላዮ ብቻ ተባሉ። ልጅቷ እንግሊዝ ደርሳ አፍሪካዊ ሆና ተመለሰች ይባል የለ፣ የሳቸውም እንደዚያ ነው።

በ1922 ተመልሰው በከተማቸው የሴቶች ትምህርት ቤት ያስተምሩ ጀመር። በጃንዋሪ 1925 ከቄስ እስራኤል ኦሉዶቱን ራንሶም ኩቲ ጋር ተጋቡ። እስራኤልም መምህር ናቸው፤ ኋላ የናይጄሪያ መምህራን ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት እሳቸው ናቸው። የባላቸው አባት ቄስ ጆሳያ ራንሶም ኩቲ ደግሞ በዮሩባ ቋንቋ መዝሙር እየደረሱ የሚያዜሙ ሰው ነበሩ። በ1920ዎቹ ለንደን ሄደው መዝሙሮቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እንግዲህ ፉንሚላዮ የገቡበት ቤት ዜማ እንደ እንጀራ የሚበላበት ቤት ነው። አራት ልጆች ወለዱ፤ አንዲት ሴት ዶሉፖ፣ ሦስት ወንዶች ኦሊኮዬ፣ ፌላና ቤኮ። ቤቱ ግን የዜማ ብቻ አልነበረም፤ የአለንጋም ነበር። ፌላ አድጎ በሰፊው እንዳወራው ሁለቱም ወላጆች ይገርፉ ነበር፣ እናቱም ለምሕረት ቅርብ አልነበሩም። የሰውን ሕይወት ስንጽፍ ይኼንን መዝለል አይገባም ብዬ ነው።

እስከ አርባኛ ዓመታቸው ድረስ ወይዘሮ ፉንሚላዮ የተማረ ሰው ሚስት የምትሠራውን ነው የሠሩት። በ1932 የአቤኦኩታ እመቤቶች ክበብን አቋቋሙ። የክበቡ አባላት ቀለም የቀመሱ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ፣ ሻይ የሚጠጡ ሴቶች ናቸው፤ ስፌትና የምግብ ዝግጅት ይማማራሉ፣ ለልጃገረዶች ትምህርት ይሰጣሉ። ክፋት የለውም። በዚያው ዘመን ደግሞ የኛም ነገር ከሩቅ ይነካቸው ነበር። ዘመዳቸው ላዲፖ ሶላንኬ ለንደን ላይ በ1925 ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆነው የምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎች ኅብረት በ1935 ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወር ጮክ ብሎ ከተቃወሙት ማኅበራት አንዱ ነበር። ያ ወረራ ለብዙ የምዕራብ አፍሪካ ምሁራን የቅኝ ግዛትን ፊት በግልጽ ያሳየ ነገር ሆነ።

የሕይወታቸው አቅጣጫ የተለወጠው በ1940ዎቹ አንዲት የገበያ ሴት ማንበብ አስተምሩኝ ስትላቸው ነው። እሺ አሉ። አንዷ ሌላዋን እያመጣች ጉልት የሚቸረችሩ፣ ጨርቅ በሰማያዊ ቀለም እየነከሩ የሚሸጡ፣ ሩዝ የሚነግዱ ሴቶች ማታ ማታ ለፊደል መምጣት ጀመሩ። ታድያ ሴቶች ተሰብስበው ፊደል ብቻ ይቆጥራሉ? ያወራሉ እንጂ። እመቤቶቹም በሻይ ስብሰባቸው ሰምተውት የማያውቁትን ሰሙ። በጦርነቱ ሰበብ ባለሥልጣናት የነጋዴ ሴቶችን ሩዝ ያለ ዋጋ እየቀሙ ነበር። ወይዘሮ ፉንሚላዮ ነገሩን መጀመሪያ ለባለሥልጣን አመለከቱ፤ ምላሽ ሲያጡ ወደ ጋዜጣ ወሰዱት። ወሬው ሲታተም ቅሚያው ቆመ። በኔ አስተያየት የሳቸው ዩኒቨርሲቲ ቼሺር ሳይሆን ይህ የማታ ትምህርት ክፍል ነው፤ አስተማሪዎቹም ተማሪዎቹ ነበሩ።

ከሩዙ በስተጀርባ ግን ትልቁ ነገር ግብር ነበር። እንግሊዞች አገሩን የሚገዙት በራሳቸው እጅ ሳይሆን በባህላዊው ንጉሥ በኩል ነው። የኤግባ ንጉሥ አላኬ ይባላል፤ በዙፋኑ ከ1920 ጀምሮ የተቀመጡት ደግሞ አዴሞላ 2ኛ ናቸው። እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት አላኬ ብቻውን አይወስንም ነበር፤ መማክርት አሉት፣ ሴቶችም የራሳቸው አለቆች ነበሯቸው። እንግሊዞች ያንን ሁሉ አፍርሰው ሥልጣኑን ለአንድ ሰው ጠቅልለው ሰጡት። ንጉሡ ደግሞ ግብር ያወጣል፣ ይሰበስባል፣ ዳኛውም እሱው ነው። ከ1918 ጀምሮ በአቤኦኩታ ሴት ከባሏ ተለይታ ለብቻዋ ግብር ትከፍላለች፤ ልጃገረድም አሥራ አምስት ዓመት ከሞላት ከፋይ ናት። ዕድሜዋን ማን ያውቃል? ግብር ሰብሳቢዎቹ ልጃገረዶችን መንገድ ላይ አስቁመው፣ ልብሳቸውን ገፈው ጡት ማጎጥጎጣቸውን እያዩ ነበር የሚወስኑት። ይኼ ነው እናቶችን ያንገበገበው። ግብር ይከፍላሉ፣ ግን አይመርጡም፣ በምክር ቤቱም አንድ ሴት የለችም።

በ1946 የእመቤቶች ክበብ የሚለው ስም ቀረና የአቤኦኩታ ሴቶች ማኅበር ተባለ። ስሙ ብቻ አይደለም የተለወጠው። ሻይ ጠጪዎቹና ጉልት ሻጮቹ በአንድ ወንበር ተቀመጡ። ወይዘሮ ፉንሚላዮ የፈረንጅ ልብስ መልበስ ትተው እንደ ገበያ ሴቶቹ የዮሩባ ሽርጥና ሻሽ ብቻ ይለብሱ ጀመር። በስብሰባም በዮሩባ ብቻ ይናገራሉ፤ የእንግሊዙ ሹም አስተርጓሚ ይፈልግ! ንግግራቸው እኮ ከሹሙ እንግሊዝኛ የማያንስ ነበር። የማኅበሩ አባላት ወደ 20,000 እንደደረሱ ይነገራል።

መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ነው የሄዱት። አቤቱታ ጻፉ፣ መልእክተኛ ላኩ፣ የአላኬን አስተዳደር ሒሳብ የሚመረምር የሒሳብ ባለሙያ ቀጠሩ። መልሱ ግብር መጨመር ሆነ። ብዙ ሴቶች አንከፍልም ብለው ታሰሩ። ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ሲጠይቁ ተከለከሉ። ወይዘሮ ፉንሚላዮ ምን ዘዴ ፈጠሩ መሰላችሁ? ሰልፍ አይደለም፣ ሽርሽር ነው፣ በዓል ነው ብለው ሴቶቹን ይዘው ወጡ። ለሽርሽር ፈቃድ አያስፈልግም። ከዚያ በፊት ግቢያቸው ውስጥ ልምምድ ነበር፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ሲጥል ዓይንንና አፍንጫን በጨርቅ እንዴት እንደሚሸፍኑ አሠለጠኗቸው። በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ እናቶች፣ የልጅ ልጅ ያዘሉ አሮጊቶች በትምህርት ቤቱ ሜዳ የአስለቃሽ ጭስ ልምምድ ሲያደርጉ ይታያችሁ።

በ1947 ኖቬምበር ማለቂያ ላይ ወደ 10,000 የሚሆኑ ሴቶች የአላኬን ቤተ መንግሥት ከበው አደሩ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ተመልሰው መጡ። መሣሪያቸው ዘፈን ነው። ዮሩባ ሴቶች እንደኛው አገር ሰው ነገርን በዜማ የመውጋት ልማድ አላቸው፤ የጥንት ነገሥታት አዝማሪ ምን አለ ብለው የሕዝቡን ልብ ይጠይቁ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። እዚያ ግን አዝማሪው አንድ ሰው አልነበረም፤ አሥር ሺህ ሴት ነበር። ስለ ግብሩ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ንጉሡ ስስት፣ ስለ እንግሊዙ ጌታው በየቀኑ አዲስ ግጥም እየወጣ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ነው። ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ ወንድነትንና ሴትነትን በስማቸው እየጠሩ ንጉሡን የሚያዋርዱ ስለሆኑ ልጆቻችሁ በሚያገላብጡት መጽሔት ላይ ትርጉማቸውን አላሰፍርም፤ በሻይ ሰዓት ጠይቁኝ። ከድንጋይ ይልቅ ያ ዘፈን ነው ንጉሡን የጎዳው። በዮሩባ ዘንድ እናቶች በአደባባይ የረገሙት ንጉሥ ክብሩ ወዴት ይቀራል?

ስለ እነዚያ ቀናት ብዙ ይተረካል። በኤግባ ወንዶች ኦግቦኒ የሚባል የምሥጢር ማኅበር አላቸው፤ ኦሮ የተባለው መንፈስ ወጣ ሲባል ሴት ሁሉ ቤቷን ዘግታ መቀመጥ አለባት፤ ካየች ትሞታለች ይባላል። ወንዶቹ ሰልፉን ለመበተን የኦሮን በትር ይዘው ወጡ። ሴቶቹም ደንግጠው መሸሽ ጀመሩ። ወይዘሮ ፉንሚላዮ በትሩን ቀምተው አወዛወዙትና ከእንግዲህ ኦሮ የሴቶቹ መሆኑን አወጁ። ወሰዱትም፤ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት ይባላል። አልሞቱም። ሴቶቹም ተመለሱ። የእንግሊዙን አውራጃ ገዥ መኪና መሪ ጨብጠው እጃቸው እስኪላቀቅ ድረስ አልለቅም ያሉበትም ቀን አለ ይባላል። ሌላ ጊዜ ሹሙ ሴቶቻቸውን ዝም እንዲያሰኙ በንቀት ሲያዛቸው፣ እናቱን በዚህ አንደበት ይናገራት እንደሆነ መልሰው ጠየቁት፤ አስተዳደጉንም ነገሩት። ይህንን የመሰለውን ነገር በልጅ ዓይኑ አይቶ ኋላ የጻፈው ማን ነው ብትሉ፣ ያን ጊዜ መልእክት እያደረሰ በሴቶቹ መካከል የሚሯሯጠው የቤተሰቡ ልጅ ወሌ ሾይንካ ነው። በ1986 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቀበለው ያው ሾይንካ። አኬ በተባለው የልጅነት ትዝታው መጽሐፍ ላይ ሰፊ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ያላነበባችሁ አንብቡት።

በ1949 መጀመሪያ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን አላኬ አዴሞላ ዙፋናቸውን ለቀው ከከተማው ወጡ። የሴቶቹ ግብር ቀረ። በጊዜያዊው ምክር ቤት አራት ሴቶች ወንበር አገኙ፤ አንዷ ወይዘሮ ፉንሚላዮ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ድሉ ሙሉ አልነበረም፤ አላኬ በ1950 መጨረሻ ተመልሰው ነገሡ። ቢሆንም አንድ ንጉሥ በገበያ ሴቶች ዘፈን ሁለት ዓመት ከከተማው መውጣቱ በመላው ናይጄሪያ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን ቶሎ ቶሎ ልለፈው፤ ስብሰባና ጉዞ የበዛበት ነው። በ1947 የናይጄሪያ ፖለቲከኞች አዲሱን የቅኝ ግዛት ሕገ መንግሥት ለመቃወም ለንደን ሲሄዱ ከመካከላቸው ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ፤ እዚያም የእንግሊዝ አገዛዝ የአፍሪካን ሴት ከነበረችበት ዝቅ እንዳደረጋት በጋዜጣ ጽፈው ብዙ ሰው አስቆጡ። በ1949 የናይጄሪያ ሴቶች ማኅበርን መሠረቱ፤ ዋና ጥያቄያቸውም የምርጫ መብት ነበር። ወደ ምሥራቅ አውሮፓ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይና ተጓዙ፤ ማኦንም አገኙ። ታድያ ኮሚኒስት ናቸው ተባሉ። በ1957 ፓስፖርታቸው እንዳይታደስ ተከለከለ፣ አሜሪካም ቪዛ ነፈገቻቸው። ኮሚኒስት አልነበሩም፤ ሴቶችን የሚሰማ ወደሆነ ቦታ ሁሉ ነው የሚሄዱት። በ1955 ባለቤታቸው ቄስ እስራኤል በካንሰር አረፉ። በ1959 ለምክር ቤት ለመወዳደር ሲነሱ የገዛ ፓርቲያቸው ዕጩ አላደርግም አለ፤ ለብቻቸው ተወዳድረው ተሸነፉ። ይቺ ሽንፈት ትቆጨኛለች። ለሴቶች የምርጫ መብት ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ በብሔራዊው ምክር ቤት ሳይቀመጡ ቀሩ። የሰሜን ናይጄሪያ ሴቶችማ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1976 ነው፤ ነፃነት ከመጣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ! ክብሩ አልቀረም፤ በ1965 የአገሪቱን ኒሻን ሸለሟቸው፣ በ1968 የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ የሕግ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። የሌኒን የሰላም ሽልማትም ተቀብለዋል።

በጃንዋሪ 1966 ጦሩ ሥልጣን ያዘ፤ የእርስ በርስ ጦርነትም ተከተለ። ናይጄሪያ በወታደር እጅ ወደቀች። የገበያ ሴቶችን ድምፅ ተክቶ በዚያ ዘመን የጮኸው የልጃቸው የፌላ ሳክስፎን ነው። ፌላ በ1958 ለሕክምና ትምህርት ተብሎ ለንደን ተልኮ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነው። የእናቱ ልጅ መሆኑን በመድረኩ አሳየ፤ ሹማምንትን በስማቸው እየጠራ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ፒጅን እንግሊዝኛ መዝፈን ጀመረ። እናትየው ለሽርሽር ብለው ያወጧቸው ሴቶች የዘፈኑት ዓይነት ዘፈን ነው፤ ልዩነቱ ናስና ከበሮ መጨመሩ ብቻ። ፌላ ራንሶም የሚለውን ስም የባሪያ ስም ነው ብሎ ጥሎ አኒኩላፖ ሲባል፣ እናቱም በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ስማቸውን ከልጃቸው ጋር ለወጡ። ያች በወጣትነቷ ፍራንሲስን የጣለችው ልጅ ገና አልሞተችም ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ላልፈው አልችልም። ይኸው ልጅ ለሴቶች መብት የሚቆሙትን የሚያሾፍባቸው ዘፈን የዘፈነ፣ በ1978 ፌብሩዋሪም በአንድ ቀን 27 ሴቶችን ያገባ ሰው ነው። እናቱ ያኔ በሕይወት ነበሩ። በመንግሥት ላይ የደፈረ ምላስ ቤቱ ሲገባ ሌላ ይሆናል፤ በኛም መካከል ይኼንን ያየን አለን፤ አናውራው።

ፌላ ሌጎስ ውስጥ ቤቱን በሽቦ አጥሮ ካላኩታ ሪፐብሊክ ብሎ ሰየመው። ሙዚቀኞቹ፣ ተወዛዋዦቹ፣ ወንድሙ ዶክተር ቤኮ የሚያክምበት ክሊኒክም እዚያው ነው። እናቱም ከእነሱ ጋር ነበሩ። በ1976 ዞምቢ የሚል ሸክላ አወጣ፤ ወታደርን ትእዛዝ ብቻ ጠብቆ የሚራመድ በድን አድርጎ የሚሳለቅ ዘፈን ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ ወታደር ሲያዩ እያፌዙ ይራመዱ ጀመር። በ1977 መጀመሪያ መንግሥት በከፍተኛ ወጪ ፌስታክ የተባለውን የጥቁር ሕዝቦች የጥበብ በዓል ሌጎስ ላይ ሲያዘጋጅ ፌላ አልሳተፍም አለ፤ የውጭ እንግዶች ደግሞ ማታ ማታ ወደ እሱ ክበብ ይጎርፉ ነበር። ጄኔራሎቹ ይኼንን አልረሱም።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1977 ወደ 1,000 የሚጠጉ ወታደሮች ቤቱን ከበቡ። ሰበቡ ከፌላ ልጆች ከአንዱ ጋር የተነሳ ጠብ ነው። አጥሩን ጥሰው ገቡ። ሰዎቹን ደበደቡ፣ ሴቶቹን ደፈሩ፣ ክሊኒኩንም ቤቱንም አቃጠሉ፤ የሙዚቃ መሣሪያውና ቅጂው አብሮ ነደደ። ወይዘሮ ፉንሚላዮ የሰባ ስድስት ዓመት አሮጊት ነበሩ። ፎቅ ላይ ካሉበት ክፍል ይዘው በመስኮት ወረወሯቸው።

በቦታው አልሞቱም። ከአንድ ዓመት በላይ ተሠቃዩ፤ በመጨረሻም ራሳቸውን ሳቱ። ኤፕሪል 13 ቀን 1978 ሌጎስ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። በዚያ መካከል መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ቤቱን ያቃጠለው ያልታወቀ ወታደር ነው የሚል ውሳኔ ሰጠ። ሺህ ወታደር በጠራራ ፀሐይ የመጣበት ሥራ ያልታወቀ ሰው ሥራ ሆነ። ቤተሰቡ ካሣ ከሰሰ፣ ተረታ። ያልታወቀው ወታደር የሚለው አባባል ኋላ የፌላ ዘፈን ርዕስ ሆኗል። በወቅቱ የአገሪቱ መሪ የነበሩት ጄኔራል ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ናቸው፤ እሳቸውም ከአቤኦኩታ የበቀሉ፣ እዚያው የተማሩ የከተማው ልጅ ናቸው።

አስከሬናቸው ወደ አቤኦኩታ ሄዶ ከባለቤታቸው ከቄስ እስራኤል ጋር በአንድ መቃብር አረፈ። የገበያ ሴቶቹ በዚያን ቀን ሱቃቸውንና ጉልታቸውን ዘጉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልረሱም።

ከዓመት በኋላ፣ በ1979 መስከረም መጨረሻ፣ ኦባሳንጆ ሥልጣን ለሲቪል በሚያስረክቡበት ዋዜማ፣ ፌላና ሰዎቹ የሬሳ ሣጥን አሠርተው በመኪና ጭነው ወደ ዶዳን ጦር ሰፈር፣ ወደ መሪው መቀመጫ አመሩ። ወታደሮቹ ጠመንጃ ደገኑባቸው። ሣጥኑን በሩ ላይ አውርደው ተመለሱ። ዶርም ውስጥ የጨፈርንበት ዘፈን ይኼ ነው።

እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ የአገራችንን ሁኔታ ሳስታውስ ነው። በዚያው በ1977ና 78 አዲስ አበባ ላይ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ተጥለው ያገኙ እናቶች ማልቀስ ተከልክለው ነበር። ሙሾ የለ፣ ድንኳን የለ። ከኛ ክፍል ሁለት ልጆች እናቶቻቸው ምን እንደሆኑ ታስታውሳላችሁ፤ ጥቁር ለመልበስ እንኳ ይፈሩ ነበር። ሌጎስ ላይ ልጅ የእናቱን ሣጥን ይዞ ጦር ሰፈር በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ እኛ ጋ እናት የልጇን ሬሳ ለመጠየቅ ጦር ሰፈር በር ላይ ቆማ ትባረር ነበር። ያንን ካሴት ዝቅ አድርገን ስንሰማ ከነዚያ ጊዜያት ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር።

ልጆቻቸው በየመንገዳቸው ሄዱ። ኦሊኮዬ የሕፃናት ሐኪምና የጤና ሚኒስትር ሆነ። ቤኮ ለሰብአዊ መብት ሲታገል በሌሎች ወታደሮች ዘመን ደጋግሞ ታሰረ። ፌላ በ1997 ሲሞት በኤድስ ምክንያት መሆኑን በአደባባይ የተናገረው ወንድሙ ኦሊኮዬ ነው፤ ያኔ ይኼንን ማለት በአፍሪካ ድፍረት ነበር። ከእናቱ የወረሰው ድፍረት ነው እላለሁ።

በ2012 የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ አዲስ የ5,000 ናይራ ኖት አሳትማለሁ ብሎ አስታወቀ። በላዩ ላይ የሚወጡት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ማርጋሬት ኤክፖ፣ ጋምቦ ሳዋባና ወይዘሮ ፉንሚላዮ። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ፣ የፌላ ልጅ ሙዚቀኛው ሴዉን፣ አያቱን በመስኮት የጣለ መንግሥት ምስላቸውን በገንዘብ ላይ ከማተሙ በፊት ይቅርታ ይጠይቅ ብሎ ተከራከረ። ኖቱ በሌላ ምክንያት፣ የኑሮ ውድነት ያመጣል ተብሎ ቀረ። ይቅርታውም እንደ ኖቱ ሳይወጣ ቀረ።

ካሴቱን ያመጣችው ጓደኛችን ዛሬም በመካከላችን አለች። እስካሁን እንዳላጠፋችው ባለፈው በስልክ ነግራኛለች፤ ማጫወቻ ያላችሁ ለስብሰባው ይዛችሁ ኑ።